የተሰበረ እግር ዋጋው ስንት ነው?

አንባቢዬ ሆይ፤ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሕግ ነው። ሕግ የሚል ቃል ስታይ ገጹን ገልብጠህ ወደ ሥዕሎቹ ለማለፍ እንደምትቸኩል አላጣሁትም፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ታገሠኝ። የምነግርህ ነገር አንድ ቀን ከደጅህ የሚመጣ ነው፤ ሲመጣም አስቀድሞ ደብዳቤ አይልክም።

እስቲ እንዲህ ብለን እናስበው። ዘመዶችህ በጃናሞራ ደጋ፣ በመካነ ብርሃን ከተማ አጠገብ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው እንበል። አንተ ጎንደር ትማራለህ፤ ወይም ደባርቅ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጥረሃል። በገበያ ቀን አጎትህ አህያቸውን እየነዱ በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ገፍቶ ይጥላቸዋል። እግራቸው ከጉልበት በታች ይሰበራል። ሰው ይሰበሰባል፤ ኡኡ ይባላል፤ ሹፌሩ ወደ ፖሊስ ይወሰዳል። አጎትህም በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይደርሳሉ።

በሦስተኛው ቀን ባለመኪናው የላካቸው ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ንግግራቸውም ለስላሳ ነው። «እግዜር ያመጣው ነው፤ ሹፌሩም የሰው ልጅ ነው፤ ጠልቶ ያደረገው አይደለም። 15,000 ብር ይቀበሉና ነገሩ በዚህ ይብቃ» ይላሉ። አጎትህ ሕመም ላይ ናቸው። የባለቤታቸው የመድኃኒት መግዣ ትናንት አልቋል። ከቤተ ሰቡ መካከል ፊደል የቆጠርከው አንተ ነህና ወረቀቱና ብዕሩ ወደ አንተ ይዞራል። «በል ጻፍ ልጄ» ትባላለህ። ምን ትጽፋለህ?

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች አንዲት ወረቀት ነው።

ሽማግሌዎቹን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ሽምግልና በጎንደርና በሰሜን አገር ከፍርድ ቤት በፊት የነበረ፣ ፍርድ ቤት ከመጣም በኋላ ያልጠፋ ዳኝነት ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ነፍሰ ገዳይ ተይዞ ሲፈረድበት ለሟች ወገኖች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ ደሙን ወይ የደሙን ዋጋ ይመርጡ ነበር። አገሩን የተመላለሱበት የውጭ አገር ተጓዦችም ይህን አይተው ጽፈውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው ቂሙ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ አገር እንዳያጠፋ የተሠራው ሥርዓት «ደም ማድረቅ» ይባላል። የገዳይ ወገን ሽማግሌና ቄስ ይልካል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል፤ መሐላ ይፈጸማል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገበያ ሊገናኙ፣ በአንድ ደብር ሊያስቀድሱ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ሰላም ከፍርድ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ የተፈረደበት ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቂሙን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላልና።

ነገር ግን የሽማግሌው ጥያቄ «ነገሩ በምን ይበርዳል?» የሚል ነው። የሕጉ ጥያቄ ደግሞ «የጎደለው ስንት ነው?» የሚል ነው። ለሰላሙ የሚበቃው ገንዘብ ለእግሩ ላይበቃ ይችላል። ብዙ ቤተ ሰብ የሚጎዳው ሁለቱን ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ አውራ ጣት ሲፈርምበት ነው።

ሕጉስ የትኛው ነው ትለኝ እንደ ሆነ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ የፈረንሳይ የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግም መጥቶ ሄደ፤ የቤተ ሰቡ ሕግ ተለይቶ በሌላ ተተካ፤ ስለ ጉዳት ካሣ የሚናገረው ክፍል ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከቁጥር 2027 እስከ 2161 ያለው ነው። ርእሱ «ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት» ይላል፤ ይህም ማለት ከሰውየው ጋር ምንም የተዋዋልከው ነገር ሳይኖር ጉዳት ቢያደርስብህ እንዴት ትጠይቀዋለህ ማለት ነው።

ደንቡ በጥቅሉ ሲታይ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክፈል የሚል ነው። በመኪና ነገር ግን ሕጉ ከዚህ ይልቅ ጠንከር ይላል። በቁጥር 2081 እንደ ተጻፈው የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። አደጋው ሲደርስ እርሱ ጎንደር ተቀምጦ ቡና ይጠጣ የነበረ ቢሆንም፣ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆንም ኃላፊ ነው። መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ግን ይድናል። «ፍሬኑ እንቢ አለኝ» «ጭጋጉ መንገዱን ሸፈነብኝ» የሚሉት ቃላት በሊማሊሞም ሆነ በጃናሞራ ቁልቁለት የታወቁ ናቸው፤ ለባለመኪናው ግን ጋሻ አይሆኑትም። አጎትህ የሹፌሩን ጥፋት ቆፍረው ማውጣት አይጠበቅባቸውም። ማስረዳት ያለባቸው መኪናው የማን እንደ ሆነ፣ ጉዳቱን ያደረሰው ያ መኪና መሆኑንና የጉዳቱን ልክ ነው። በእርግጥ እርሳቸውም ጥፋት ካለባቸው፣ ለምሳሌ አህያዪቱን ለመመለስ ብለው ሳያዩ ወደ መንገዱ መካከል ዘው ብለው ገብተው እንደ ሆነ፣ ካሣው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ጥፋቱ ሁሉ የእርሳቸው ከሆነም ሊቀር ይችላል።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ላንሣ። ሹፌሩ በወንጀል ተከሶ በነጻ ሲለቀቅ ቤተ ዘመድ «አለቀ» ብሎ ይበተናል። አላለቀም። የካሣውን ክስ የሚሰማው ዳኛ፣ በወንጀል ችሎት ነጻ መውጣቱ እንደማያስገድደው የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ራሱ በግልጽ ይናገራል። ወንጀለኛ አይደለህም መባልና ካሣ አትከፍልም መባል አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። አይብለጥም አይነስም ማለቱ ነው። ስለዚህ ጉዳቱን መቁጠር ያስፈልጋል፤ መቁጠሩም ያንተ የተማሪው ሥራ ነው።

መጀመሪያ የወጣው ገንዘብ አለ። የመድኃኒት፣ የራጅ፣ የአልጋ፣ የመኪና ኪራይ፣ አስታማሚው ጎንደር ሲሰነብት ለምግብና ለማደሪያ ያወጣው። ይህ ደረሰኝ ላለው ሰው ከሁሉ የቀለለ ነው። ዘመዶቻችን ግን ደረሰኝ ሲሰጣቸው እንደ ተራ ወረቀት አጣጥፈው ከመቀነታቸው ይሸጉጡታል፤ በላብና በዝናብ ርሶ ቀለሙ ይጠፋል። አንተ አንድ ፖስታ ግዛና ሁሉንም በቀኑ እዚያ ክተት። ደረሰኝ የማይሰጥ ባለመኪና ቢሆን እንኳ ቀኑን፣ የተጓዝክበትን ስፍራና የከፈልከውን ጽፈህ አብሮህ የነበረውን ሰው ስም አስቀምጥ።

ሁለተኛው የቀረ ገቢ ነው። ያንተ ደመወዝ በመዝገብ ላይ ስለተጻፈ ለዳኛ ማሳየት አያስቸግርም። የአጎትህ ደመወዝ ግን ያለው እርሻቸው ላይ ነው። እንግዲህ እንቁጠር። አደጋው የደረሰው በሰኔ ነው እንበል። በሬዎቹ አሉ፣ ዘሩ አለ፤ እርፍ የሚጨብጥ ሰው የለም። መሬቱ ጦሙን ከሚያድር ተብሎ ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል። አምና 20 ኩንታል ያገቡ እንደ ነበረ ጎረቤቶች ቢመሰክሩ፣ ዘንድሮም መሬቱ ያንኑ ያህል ቢሰጥ፣ የሚደርሳቸው 10 ኩንታል ብቻ ነው። የቀረውን 10 ኩንታል በመካነ ብርሃን ገበያ ዋጋ አባዛው። ገብሱ ብቻውን ሽማግሌዎቹ ካመጡት 15,000 ብር እንደሚበልጥ ራስህ ትደርስበታለህ፤ ገና ስለ እግሩ አንድ ቃል ሳንናገር።

የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ባልተቻለ ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲቆርጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ማስረጃ መልቀሙን ትተው «በርትዕ ይቆረጥልኝ» ብለው ይቆማሉ። ዳኛው ግን የሚቆርጠው ከፊቱ ባለው ነገር ላይ ተነሥቶ ነው። የመሬቱን ይዞታ የሚያሳይ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጎረቤት ምስክር፣ መሬቱ በእኩል የተሰጠበት ውል፣ እነዚህ ሁሉ ለገበሬ እንደ ደመወዝ ወረቀት ናቸው።

ሦስተኛው ወደ ፊት የሚመጣው ጉዳት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚረሳውም ይህን ነው። አጥንቱ ሲገጥም እግሩ ሊያጥር ይችላል። ብረት የገባበት ከሆነ ብረቱን ለማስወጣት ሌላ ጊዜ እንደገና ጎንደር መውረድ ይኖራል። ዳገት ይወጣ የነበረው እግር ከእንግዲህ ሜዳ ብቻ የሚችል ይሆን ይሆናል፤ በመካነ ብርሃን ደግሞ ሜዳ ከየት ይመጣል? መምጣቱ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሣ እንደሚከፈልበት ሕጉ ይናገራል። መምጣቱን የሚያረጋግጥልህ ሐኪም ነው። ሐኪሞች በቦርድ ተሰብስበው ሰውየው ከመሥራት ችሎታው ከመቶ ይህን ያህል አጥቷል ብለው የሚሰጡት ማስረጃ አለ። ያ ማስረጃ የሚጻፈው ሕክምናው አልቆ ውጤቱ ሲታወቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሕመሙና ስለ ሐዘኑስ? በዚህ ረገድ ሕጋችን ያሳፍረኛል። በሰው ኅሊና ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለው ካሣ በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 ተጽፏል። ሕጉ ሲታወጅ 1,000 ብር ማለት 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ቤተ ሰብ የሚያቋቁም ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን 10 የአሜሪካ ዶላር እንኳ አይሞላም። ገንዘቡ ሲቀልጥ ቁጥሩ በመጽሐፉ ላይ እንደ ተጻፈ ቀረ። ልጇን በመኪና ያጣች እናት ለሐዘኗ የሚፈረድላት ገንዘብ ዛሬ አንድ ደኅና ዶሮ መግዛቱን እጠራጠራለሁ።

ከዚህ ጋር አስተያየው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው አውሮፕላን ውስጥ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑን የሠራው የቦይንግ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በቺካጎ በሚገኘው ፍርድ ቤት ለአደጋው ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ የሟቾቹም ቤተ ሰቦች፣ የየትኛውም አገር ሰዎች ቢሆኑ፣ ካሣቸውን በዚያ አገር ሕግ እንዲጠይቁ መንገድ ተከፈተ። ያ ሕግ ለሐዘን እንዲህ ያለ ጣሪያ አልሠራለትም። በአንድ አፈር ላይ ለወደቁ ሰዎች ሐዘናቸው በሁለት ሚዛን ይመዘናል ማለት ነው፤ ሚዛኑን የሚመርጠው ደግሞ የገደላቸው ነገር አውሮፕላን ወይም የጭነት መኪና መሆኑ ነው።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ እንግዲህ በእኛ አገር የካሣውን ክብደት የሚሸከመው የገንዘቡ ቆጠራ ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጅ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ስለ እንባውና ስለ ሰቆቃው ሁለት ገጽ ሞልተው ስለ ገብሱ አንድ መስመር ይጽፋሉ። አንተ ይህን ገልብጠው።

ስለ መድን ደግሞ ይህን ያህል ዕወቅ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ምልክቱ በመኪናው መስተዋት ላይ ይለጠፋል፤ ከታርጋው ቁጥር ጋር አብረህ ጻፈው። አዋጁ ሲወጣ መድን ሰጭው ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት የሚከፍለው እስከ 40,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር ነበር። እንዲህ ያለው ቁጥር በየጊዜው የሚሻሻል ስለሆነ አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራበት የነበረውን ጠይቅ። ይህ የመድኑ ጣሪያ ነው እንጂ የካሣው ጣሪያ አይደለም፤ ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ ትርፉን የምትጠይቀው ባለመኪናውን ነው። መኪናው ገጭቶ አምልጦ የማን እንደ ሆነ ባይታወቅ ወይም መድን ሳይኖረው ቢገኝ ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ።

አፌን ቁርጥ ያድርገውና አጎትህ ሞተው ቢሆን ኖሮ፣ ካሣውን በስማቸው የሚጠይቁት ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወላጆቻቸው ናቸው። የሚጠይቁትም ሟቹ በሕይወት ሳሉ ያገኙት የነበረውን መተዳደሪያ ነው። በደም ማድረቅ ሥርዓት ካሣው ብዙ ጊዜ የወገን ነው፤ በሕጉ ግን ወንድምና የወንድም ልጅ መተዳደሪያ ጠያቂ ሆነው አልተቆጠሩም። በሽማግሌ የተቆረጠው ገንዘብ በወገን መካከል ሲዞር የሟቹ ሚስትና ሕፃናቱ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ይችላሉ። አንቺም ይህን የምታነቢ እኅቴ፣ ይህችን ነገር ለእናትሽና ለአክስቶችሽ ንገሪያቸው፤ በእንዲህ ያለ ሸንጎ ላይ ሴቶች ከማጀት ሆነው ይሰማሉ እንጂ ወረቀቱ አይነበብላቸውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምፈራልህ ግን ቀኑን ነው። በቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ የይርጋ ዘመን ከዚህ የሚረዝም እንደ ሆነ ረዥሙ ይይዛል፤ አንተ ግን በዚህ አትተማመን፤ ሁለት ዓመት ብለህ ቁጠር። ሁለት ዓመት ረዥም ይመስላል። የመጀመሪያው ዓመት በሕክምና ያልፋል። በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ለጥምቀት ይባላል፣ ከፋሲካ በኋላ ይባላል፣ ክረምቱ ይለፍ ይባላል፣ ባለመኪናው ወደ ሁመራ ሄዷል ይባላል። ሽማግሌ ስለ ተቀመጠ ቀኑ ቆሞ ይጠብቀኛል ብለህ አታስብ። አጎትህ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ተጎድተው ቢሆን ኖሮ፣ ከሰኔ 2018 ዓ.ም. በኋላ ይዘህ የምትሄደው ማመልከቻ «ይርጋ አግዶታል» የሚል መልስ ሊጠብቀው ይችላል። የፍትሐ ብሔሩ ክስ ቢዘገይብህ ሌላም በር አለ፤ ሹፌሩ በወንጀል ተከሶ እንደ ሆነ፣ የተጎዳው ሰው የካሣ ጥያቄውን ለወንጀሉ ችሎት አቅርቦ አብሮ እንዲታይለት ሊያመለክት ይችላል። ችሎቱ ነገሩ የተወሳሰበ ሆኖ ካገኘው ወደ ፍትሐ ብሔር ይመልሰዋል።

መኪና ብቻ አይደለም የሚጎዳው። የጎረቤት በቅሎ ልጅህን ብትረግጠው ባለቤቷ ኃላፊ ነው፤ ሳያስበው ከእጁ አምልጣ ቢሆንም ኃላፊ ነው። ሕጉ አንድ የሚያስቅ መውጫ ሰጥቶታል። የራሱ ወይም እርሱ ኃላፊ የሆነለት ሰው ጥፋት ከሌለበት በቅሎዪቱን ለተጎዳው አስረክቦ ሊገላገል ይችላል። በእኛ አገር የበቅሎን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ግን መውጫው ብዙም የሚያስደስት አይደለም።

በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ሌላ ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ጉዳተኛው ከሥራ ሲውል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከመቶ 75፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከመቶ 50 ያገኛል። አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ የሚመለከትህ የሲቪል ሰርቪሱና የጡረታው ሕግ ነው፤ እርሱን ሌላ ቀን እናወጋዋለን። ለአሁኑ የምልህ በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ስትሄድ ብትወድቅ በዚያው ሰሞን ለአለቃህ በጽሑፍ አስታውቅና ግልባጩን በማኅደርህ አስቀምጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ወረቀታችን እንመለስ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ጠላው ተቀድቷል፤ ሰው ሁሉ አንተን ያያል።

መጀመሪያ ይህን ዕወቅ። ሁለት ወገኖች ተስማምተው የፈረሙበት የመጨረሻ እርቅ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የምትለዋ ሐረግ ከተጻፈች በኋላ እግሩ ቢያጥር፣ ብረቱ ቢያመረቅዝ፣ ዳኛው ወረቀቱን አንብቦ ይመልስሃል። ስለ ወንጀሉ ደግሞ ሽማግሌዎቹ «ክሱንም ተዉለት» ቢሉህ፣ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ሲደርስ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ የአጎትህ እርቅ ብቻውን እንደማያስቀረው በትሕትና አስረዳቸው።

ታዲያ እርቁን እንቢ በል ማለቴ ነው? አይደለም። አጎትህና ባለመኪናው በአንድ መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው፤ ሰላሙ ያስፈልጋል፤ 15,000 ብሩም ለመድኃኒት ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ሁለት ወረቀት እጽፋለሁ። በአንደኛው ላይ ሁለቱ ወገኖች ቂም እንዳይያያዙ መታረቃቸውን፣ የዋሶችን ስምና መሐላውን እጽፋለሁ። በሁለተኛው ላይ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ፣ የታርጋ ቁጥሩ ይህ በሆነው መኪና ለደረሰው ጉዳት፣ የመኪናው ባለቤት እስከ ዛሬ ለወጣው የሕክምና ወጪ 15,000 ብር ሰጥተዋል። ስለ ቀረው ገቢና ወደ ፊት ስለሚመጣው ጉዳት የሐኪም ቦርድ ማስረጃ ሲገኝ እንነጋገራለን፤ የተጎጂው መብት የተጠበቀ ነው።» ባለመኪናውም አጎትህም ምስክሮቹም ይፈርሙበታል። እንዲህ ያለች ወረቀት አደጋው መድረሱን፣ ቀኑንና የመኪናውን ባለቤት ማንነት ታስረዳልሃለች፤ ኋላ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የተከፈለው ገንዘብ ይታሰባል።

አንደኛው ሽማግሌ ኮስተር ብለው «ይህ ልጅ በትምህርት ቤት የተማረው አባቶቹን አለማመን ነው?» ሊሉህ ይችላሉ። ድምፅህን ከፍ አታድርግ። «አባቴ፣ እናንተን ስላመንኩ ነው በእናንተ ፊት የምጽፈው፤ እግሩ እንዴት እንደሚሆን ግን እናንተም እኔም አናውቅም፤ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ እርሱን እንጠብቀው» በላቸው። አስተዋይ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ወደ ባለመኪናውም ዞሮ «ልጁ እውነት አለው» ይላል። ባለመኪናው «ወይ ሁሉን ጨርሱልኝ ወይ ገንዘቤን መልሱ» ካለ ደግሞ፣ የመጣው ለሰላም ወይስ ለዋጋ ቅናሽ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይታወቃል። እንግዲህ 15,000 ብሩን ለመተው የሚያስችል ብርታት በቤቱ ውስጥ አለ ወይ? ይህን እኔ ከዚህ ሆኜ ልፈርድልህ አልችልም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የመድኃኒቱን ገንዘብ ለሦስት ወር ቢያዋጣ፣ የሚያዋጣው ለአጎትህ ቀን እየገዛላቸው መሆኑን ንገራቸው።

ነገሩ ፍርድ ቤት መድረሱ ካልቀረ የሚያስፈራህ የዳኝነት ገንዘብ ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለድኃ ሰው መንገድ አስቀምጧል፤ ገንዘብ እንደሌለው አስረድቶ ዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ ፈቃድ ይጠይቃል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩልም ለችግረኞች ያለ ዋጋ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ አንተ እዚያው የምትማር ከሆንህ ፖስታህን ይዘህ በእግርህ ትደርሳለህ። የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት፣ የሐኪሙን ማስረጃ፣ ደረሰኞቹንና ያችን ሁለተኛዪቱን ወረቀት አያይዝ። ማመልከቻውንም ስትጀምር አደጋው የደረሰበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈው፤ ከተከሣሹ ወገን የሚቆመው ጠበቃ መጀመሪያ የሚፈልገው እርሱን ነውና።